የጀርመኑ ልጅ በአይቮሪ ፓርክ መንገድ ላይ

አባቴ መኪናውን አስነስቶ ከሰፈራችን ከዮቪል እንደወጣን፣ ሁለት እጁን መሪው ላይ አደላድሎ «እሺ፣ ያ ልጅ ዛሬ የት ደረሰ?» ይለኝ ነበር። ያ ልጅ የሚለው እኛ ሳንወለድ ድሮ የሞተ ጀርመናዊ የፊዚክስ ሊቅ ነው። ስለ ሙቀት ጨረር ያጠና፣ ትልቅ ሽልማት የተሸለመ፣ ፎቶው ላይ ጺሙን አሳምሮ አንገቱን በኮሌታ ያነቀ ሰውዬ። ለአባቴ ግን ልጅ ነበር። እስከ መጨረሻው ልጅ ሆኖ ቀረ።

ወረርሽኙ የገባ ዓመት ነው። እናቴ አያቴን ልትጠይቅ አገር ቤት ሄዳ፣ ገና ሻንጣዋን ሳትፈታ በረራው ሁሉ ተዘጋና እዚያው ቀረች። እኔ ፊዚክስ እማርበት የነበረው ዩኒቨርሲቲም በሩን ዘጋ። ጆሃንስበርግ እንዲያ ዝም ጭጭ ስትል አይቼ አላውቅም። እኔና አባቴ ዮቪል ባለችው ጠባብ ፍላታችን ውስጥ ተፋጠን ቀረን። ምግብ የሚሸጥ ሱቅ እንዲከፈት ስለተፈቀደ አባቴ ፐርሚቱን፣ የፈቃድ ወረቀቱን፣ ይዞ አይቮሪ ፓርክ የሚባል ሰፈር ወዳለው ስፓዛው፣ ወደ ትንሿ ሱቃችን ይሄዳል፤ ብቻውን አይችልምና እኔም አብሬው እሄዳለሁ። ዱቄት፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ዳቦ። በአንድ ወር ውስጥ ከአባቴ ይልቅ ደንበኛው እኔን መፈለግ ጀመረ።

የዚያን ዓመት ነገር ሁሉ ያከበደው ይኸው ነበር። ሱቁን ቻልኩበት። ጄፒ በሚባለው የጅምላ ገበያ ያሉት የአባቴ ዘመዶች፣ ጅምላ ነጋዴዎቹ፣ ዕቃ ልንጭን ስንሄድ ያዩኝና «ምን ፊዚክስ ፊዚክስ ትላለህ፣ ልጅቷ እኮ ነጋዴ ናት፣ ሱቁን ስጣት» ይሉታል። አባቴ ደግሞ ደረቱ ከድሮም ደካማ ነው፤ እኔ ትምህርት ቤት ከተመለስኩ ሱቁን የሚይዝለት የለም። እኔ አንድ ልጁ ነኝ። እሱ ለዘመዶቹ እሺም እንቢም አይልም፤ ካርቶኑን ይቆጥራል። እኔ በዚያ ዝምታው እበግናለሁ። ትምህርቴን እንደምፈልግ አፌን ሞልቼ ብናገር ጨካኝ እመስላለሁ፤ ዝም ብል ደግሞ በዚያው ባንኮኒ ጀርባ መቅረቴ ነው።

የጀርመኑ ወሬ የተጀመረው በሬዲዮው ምክንያት ነው። ጠዋት ጠዋት ሬዲዮው የሞተውን ሰው ይቆጥርልናል። እኔ ጠዋት ሰው ባያናግረኝ የምመርጥ ሰው ነኝ፤ ሬዲዮ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። አንድ ቀን አባቴ ጠርቀም አድርጎ ዘጋውና «ሌላ ነገር አውሪኝ» አለኝ።

«ምን ላውራህ? እኔ የማውቀው የቤት ሥራዬን ነው» አልኩት ተነጫንጬ።

«እሱንም ቢሆን።»

የቤት ሥራዬ ስለ ሙቀት ጨረር ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ ሲዘጋ እጄ ላይ የቀረ መጽሐፍ አለኝ፤ የዚያ ጀርመናዊ ሕይወትና ሥራ በሰፊው ተጽፎበታል። አባቴ ትምህርቴን ለሰው ሲያስረዳ «ልጄ ሙቀት ነው የምታጠናው» ይል ነበር፤ ይኼን የሰማ አንድ የጄፒ ነጋዴ የተበላሸ ሂተር ሊያሠራኝ ይዞ መጥቶ ያውቃል። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው በትክክል ላስረዳው ቆረጥኩ። ማንኛውም ነገር እንደ ሙቀቱ መጠን ጨረር ይረጫል፤ ዓይናችን አያየውም እንጂ ሁልጊዜም ይረጫል አልኩት።

«ይሄ መሪስ?»

«ይሄ መሪም።»

«እኔስ?»

«አንተም።»

አንድ እጁን ከመሪው አንስቶ አገላብጦ አየው። «ሱብሐን አላህ» አለ።

ብረት እሳት ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ደብዘዝ ብሎ ይቀላል፣ ከዚያ ብርቱካንማ ይሆናል፣ ሲብስበት ወደ ነጭ ይሄዳል። ይኼን ቀጥቃጭ ቤት ደጃፍ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ አባቴም ያውቀዋል። ጀርመናዊው ያደረገው ያንን በስሌት ማሰር ነው። የአንድ ነገር ሙቀት፣ ከፍጹም ብርድ ተነሥቶ ሲለካ፣ እጥፍ ከሆነ የዋነኛው ጨረር ሞገድ በግማሽ ያጥራል። በዚህ ሕግ ሰው ሳይነካው የምድጃን ሙቀት፣ እንዲያም ሲል የኮከብን ሙቀት ማወቅ ይችላል። አባቴ የኮከቡን ነገር አላመነኝም። የገበሬ ልጅ መሆኑን ስነግረው ግን ፊቱ በራ። «ከመጀመሪያው እንዲህ አትይም?» አለኝ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውዬው «ያ ልጅ» ሆነ።

ሽልማቱን፣ ቀመሩን ለጊዜው አስቀምጬ ከልጅነቱ ጀመርኩለት። ወላጆቹ በጀርመን ምሥራቅ በኩል መሬት እንደነበራቸው፤ መጀመሪያ የገባበት ዩኒቨርሲቲ አልጥም ብሎት ጥሎ እንደወጣ፣ እርሻ ልሞክር ብሎ እንደነበር፣ በኋላ ሐሳቡን ቀይሮ በርሊን እንደገባ። አባቴ እየነዳ ይፈርዳል። ጥሎ ሲወጣ «ጥጋብ ነው» አለ፤ ሲመለስ «ጎሽ» አለ። ባዶው አውራ ጎዳና ላይ ሁለታችን ብቻ ስንሄድ፣ ወታደሮቹ ኬላ ላይ አስቁመው ፐርሚታችንን ሲያዩ እንኳ አባቴ ወሬው እንዲቋረጥበት አይፈልግም። ወረቀቱ ሲመለስለት «እሺ፣ ቀጥዪ» ይለኛል። ዛሬ ያንን መንገድ ብቻዬን ስነዳ ትራፊኩ ያናድደኛል፤ ያ ባዶ መንገድ፣ ያ የቀዘቀዘ የመኪና ወንበር፣ አጠገቤ ካፖርቱን የለበሰው አባቴ ይናፍቀኛል። በሽታው አይናፍቀኝም፤ እሱ ግን ይናፍቀኛል።

ሱቁ በር ላይ ደግሞ የሙቀት መለኪያ መጣ። ያኔ ሁሉም ሱቅ በር ላይ የነበረው፣ ሽጉጥ የሚመስለው ነጭ ነገር። አባቴ ከጄፒ ገዝቶ አመጣውና በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ሰቀለው። «ይሄውልህ የዚያ ልጅ ሥራ፣ ግንባራችን የሚረጨውን ጨረር ነው የሚያነብበው» ስለው ኮራ፤ ሱቃችን ውስጥ ዘመድ የተገኘ ያህል ደስ አለው። አንድ ነገር ግን እንቢ አለ። ማንም እንዲያነጣጥርበት አይፈልግም።

ምክንያቱን አውቃለሁ። ከወረርሽኙ በፊት ዲፕስሉት በሚባል ሌላ ሰፈር ሱቅ በነበረው ጊዜ ዘራፊ ግንባሩ ላይ ሽጉጥ ደግኖበታል። ከዚያ ወዲያ ነው ሱቁን ወደ አይቮሪ ፓርክ ያዛወረው። ስለዚያ ቀን አያወራም፤ እኔም አልጠይቀውም። ስለዚህ ደንበኛውን እኔ እለካለሁ፣ እሱ ራሱን በራሱ ይለካል። የሚለካው ደግሞ ለቀትሩ፣ ለዙህር ሰላት ውዱእ አድርጎ ሲነሳ ነው። ከሱቁ ኋላ ካለችው ቧንቧ ፊቱን፣ ክንዱን፣ ራሱን አዳርሶ ይመጣና፣ ንጹሕ ሆኖ፣ ልቡ ረግቶ፣ መለኪያውን ወደ ራሱ አዙሮ ይጫነዋል። ከዚያ ያሳየኛል። ሁልጊዜም ዝቅ ያለ ቁጥር ነው። «አየሽ፣ እኔ እንደ በረዶ ነኝ» እያለ ይኮራብኛል፤ ወደ ሰላቱም በደስታ ይሄዳል።

ክረምቱ ጠነከረ። ጠዋት የመኪናው መስታወት አመዳይ ይለብሳል። እኔም በጀርመኑ ታሪክ ወደ ክፉ ቦታ ደረስኩ። ልጁ ትምህርቱን ጨርሶ ዶክተር በተባለበት ሰሞን አባቱ ታመመና፣ ጥናቱን አቋርጦ መሬቱን ሊያስተዳድር ወደ ቤቱ ተመለሰ። ይኼን የነገርኩት ሳላስበው ነው፤ መጽሐፉ ውስጥ እንዲያ ስለሚል። ከአፌ ሲወጣ ደነገጥኩ። አባቴ መሪውን ጨበጥ አድርጎ «ስንት ዓመት ቆየ?» አለኝ።

«ጥቂት ዓመታት።»

«ወዶ ነው?»

«መጽሐፉ አይልም።»

 በዚያው ሳምንት ዩኒቨርሲቲው ላብራቶሪ ያላቸው ተማሪዎች በተራ ሊመለሱ ነው፣ የምትመጡ አሳውቁን ብሎ መልእክት ላከ። ለአባቴ ነገርኩት። «እስኪ እናያለን» አለ። እኔ «እስኪ እናያለን» የሚባል ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል። ለቀናት ታሪኩን አልነገርኩትም፤ «ያ ልጅ የት ደረሰ?» ሲለኝ «እርሻው ላይ ነው ያለው» ብዬ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

በዚያው ሰሞን አባቴ ድካም ድካም ይለው ጀመር። ካርቶን ሲያነሳ ቆም ይላል፤ ያስለዋል። «አባ፣ አንተ ደህና አይደለህም» ስለው መለኪያውን አምጥቶ ያሳየኛል። ቁጥሩ ደህና ነው። ከወትሮው ከፍ ቢልም ከሰው ሁሉ ያነሰ ነው። እንደውም «ማሽኑ ነው የተሻለው፣ በፊት አብዝቶ ያሳንስ ነበር» ተባብለን ሳቅን።

ከሱቃችን ፊት ለፊት የተጠበሰ ሊጥ የሚሸጡ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ ጎጎ ይላቸዋል፤ አያት ማለት ነው። በብርዱ ጊዜ በተበሳሳ ቆርቆሮ ከሰል አቀጣጥለው እላዩ ላይ አጎንብሰው ይሞቃሉ። አንድ ቀን ቀትር ላይ ዘይት ሊገዙ ከእሳቱ ተነሥተው ቀጥ ብለው ወደ እኛ መጡ። አባቴ ውዱእ አድርጎ ራሱን ለክቶ በሩ ላይ ቆሟል። «ሳውቦና፣ ጎጎ» ብሎ በሰፈሩ ቋንቋ ሰላም አላቸው፤ እሳቸውም «ዬቦ፣ ባባ» ብለው ግንባራቸውን ሰጡኝ። ስለካቸው ቁጥሩ እላይ ወጣ፤ መለኪያው ጮኸ። አባቴ ወደ ኋላ ሸሸ። አሮጊቷ ደንግጠው እኔን እኔን ያያሉ፤ በዚያ ጊዜ ትኩሳት አለህ መባል ፍርድ ነበር።

«ቆይ» አልኩት አባቴን፤ «እሳት ላይ ነው የነበሩት። ይኼ ማሽን የሰውን ውስጡን አያውቅም። ቆዳውን ብቻ ነው የሚያነብበው። ቆዳው በእሳት ከሞቀ አብዝቶ ይናገራል።» ጎጎ ጥላው ሥር ትንሽ እንዲቆሙ አደረግን፤ እንደገና ስለካቸው ደህና ናቸው። ሳቁ፤ ዘይታቸውን ይዘው ሄዱ።

«ቆዳው ከቀዘቀዘስ?» አለኝ አባቴ። እንዲያው ለማወቅ ብሎ ነው የጠየቀኝ፤ ወሬውን ስለሚወድ።

ዞር ብዬ አየሁት። የውዱኡ ውሃ ግንባሩ ላይ አልደረቀም። ከጺሙ ጫፍ ይንጠባጠባል። በዚያ በብርድ ወር በቀዝቃዛ ቧንቧ የታጠበ ግንባር፣ ውሃው እየተነነ ይብስ የሚያቀዘቅዘው ግንባር፤ በየቀኑ የምናነብበው ያንን ነበር። 

«አባ፣ ፊትህን አድርቅና እዚህ ተቀመጥ» አልኩት። የመጣው ደንበኛ ሁሉ ውጪ ይጠብቅ ብዬ በሩን ገርበብ አደረግኩ። ክፉ እንደመጣ ገብቶታል። በፎጣ ፊቱን ጠረገ፤ የዱቄቱ ጆንያ ላይ ተቀመጠ፤ እጁን ዘርግቶ «አምጪው፣ እኔው እለካለሁ» አለኝ።  መለኪያውን አልሰጠሁትም።

«እኔ ልለካህ» አልኩት።

የዘረጋውን እጁን መለሰ። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ። ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ግንባሩን ሰጠኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር ሠርቼ አላውቅም፤ የገዛ አባቴ ግንባር ላይ ያንን ነገር ደገንኩ። ሲጮህ እሱም እኔም ቁጥሩን አላነበብነውም።

በሽታው እሱው ሆኖ ተገኘ። ሆስፒታሎቹ ሞልተው ስለነበር ሐኪሙ መተንፈስ እስካላቃተው ቤት ይቆይ አለ። ሱቁን ዘጋን። እሱ መኝታ ክፍሉ ውስጥ፣ እኔ ሳሎን፤ በሩ ተዘግቶ። ምግቡን በሩ ሥር አስቀምጬ እርቃለሁ። እናቴ በስልክ ከአገር ቤት ታለቅሳለች፤ እሷን ሳጽናና እኔው እብሳለሁ። ትንፋሹን በበሩ ማዳመጥ ሥራዬ ሆነ። አንድ ከሰዓት ሲያስል ቆይቶ ጸጥ አለ። ጸጥታው ረዘመብኝ፤ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ።

«ያ ልጅ...» አለ ከውስጥ፣ ድምፁ ቀጥኖ። «አሁንም እርሻው ላይ ነው?»

በሩ ሥር ተቀመጥኩና የተውኩትን ቀጠልኩለት። እርሻው ላይ ሆኖም ጥናቱን ፈጽሞ እንዳልተወ፣ መካከል ላይ ለአጭር ጊዜ በርሊን ሄዶ ሲሠራ እንደነበር፤ በኋላም የአባቱ መሬት ሲሸጥ ወደ ላብራቶሪው እንደተመለሰ። ወፍራም ግድግዳ ያለው፣ ባዶ፣ ዙሪያውን የተዘጋ ሳጥን እንዳሰበ፤ አንድ ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ያለው። ሳጥኑን ሲያግሉት በዚያች ቀዳዳ የሚወጣው ጨረር የሳጥኑን ሙቀት ሳይዋሽ ይናገራል፤ ሳጥኑ ከምንም ይሠራ ከምን።

«እንደ እኔ ነዋ» አለ። ለመሳቅ ሲሞክር ሳሉ ቀደመው። ከዚያ በኋላ ያወጣው ሰፊው ቀመር በአንድ በኩል እንደሠራ፣ በረጃጅሞቹ ሞገዶች በኩል እንዳልሠራ፣ ሌላ ጀርመናዊ መጥቶ እንዳስተካከለው ነገርኩት። አዘነለት። «ዋናው ሕጉስ?» አለኝ። እሱ ጸንቶ ቀረ አልኩት፤ «አልሐምዱሊላህ» አለ፤ ለገዛ ልጁ የተነገረው ያህል።

ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «መሬቱ ሲሸጥ አባትየው ምን አለ?» ብሎ ጠየቀኝ።

መጽሐፉን ከጭኔ አንስቼ ገለጥኩ። «አይልም፣ አባ። መሬቱ ተሸጠ ነው የሚለው።»

«እንግዲያው ጎደሎ መጽሐፍ ነው» አለ።

ተረፈልኝ። ቀስ እያለ፣ በብዙ ቀናት፣ ተረፈ። ደረቱ ግን እንደ ድሮው አልሆነም፤ ደረጃ ሲወጣ ሁለቴ ያርፋል። እኔም ሳልጠየቅ ለዩኒቨርሲቲው አልመጣም ብዬ ጻፍኩ። ለአባቴም «ሱቁን እኔ እይዘዋለሁ» አልኩት። እውነቴን ነበር፤ በዚያ በር ሥር ቁጭ ብሎ የአባቱን ትንፋሽ ያዳመጠ ሰው እውነቱን ነው። ቢሆንም ተው ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ቀና ሳይል «እሺ» አለ። ሆድ ባሰኝ፤ በረንዳ ላይ ወጥቼ ብቻዬን አለቀስኩ።

ብርዱ አልፎ የጃካራንዳው አበባ መንገዱን ወይን ጠጅ ባለበሰበት ወቅት ነው። አንድ ጠዋት አይቮሪ ፓርክ ደረስንና አባቴ «አንቺ መኪና ውስጥ ጠብቂኝ» አለኝ። ሱቁ በር ላይ የአገራችን ሰው የሆነ አንድ ነጋዴ ቆሟል። በመስታወቱ አያለሁ፤ ተጨባበጡ፣ ገቡ፣ ወጡ። አባቴ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ለሰውዬው ሰጠው። ወደ በሩ ተመልሶ መለኪያውን ከሚስማሩ አወረደና ኪሱ ውስጥ ከተተ። ጎጎ ከእሳታቸው ተነሥተው አቀፉት፤ ያኔ ማንም ማንንም አያቅፍም ነበር። ከዚያ መጥቶ መሪው ላይ ተቀመጠ፤ ትንፋሹን ሰበሰበ።

«ሸጥኩት» አለኝ። «ዩኒቨርሲቲው ጋ ደውዪ። ካላነሱልሽ ሄደን በራቸው ላይ እንቆማለን። መጽሐፋቸውንም መልሺላቸው፤ ከርሟል።»

 ሃያ ምናምን ዓመት የለፋበት፣ ግንባሩ ላይ ሽጉጥ የተደገነበት ሥራ ነው። እሱ መኪናውን አስነስቶ አውራ ጎዳናው ላይ ወጣ፤ መኪኖች በዝተዋል፣ ከተማው ተመልሷል። እንደ ልማዱ ሁለት እጁን መሪው ላይ አደላደለ። የሚጠይቀኝን አውቄ ቀደምኩት።

«አባ፣ የዚያ ልጅ አባት መሬቱን ሲሸጥ ምን አለ?»

ትንሽ አሰበ። «ምንም። ምን ይላል? ልጁ መኪና ውስጥ እየጠበቀው።»

«በዚያ ዘመን መኪና አልነበረም» አልኩት፤ እንባዬ ማስኬን አርሶት ነበር።

«እሺ» አለ፣ «ጋሪ ውስጥ።»